ቫይታሚን ሲ፣ እብጠትና ሽንት፦ ለየትኛው ችግር የትኛው ይሻላል?

ቫይታሚን ሲ ሽንት ያበዛል ሲባል ሁለት ዓይነት ሰው ጆሮውን ያቆማል። አንዱ እግሩ ውሃ ቋጥሮበት «እስቲ ልሞክረው፤ ቫይታሚን ምን ይጎዳል?» የሚል ነው። ሌላው ለጉንፋን ብሎ ጀምሮት አሁን ሽንት ቤት መመላለስ የሰለቸው ነው። ሁለቱ የሚያስፈልጋቸው ነገር ለየቅል ነው። ከመደርደሪያው ላይ የሚያነሡት ዕቃ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ይሆናል።

የእኔን አቋም ከወዲሁ ልንገራችሁ። ለእብጠት ብላችሁ ቫይታሚን ሲ አትግዙ። በሌላ ምክንያት የምትወስዱት ከሆነ ግን ዓይነቱን መምረጥ ዋጋ አለው። አንዳንዱ ዓይነት የሽንት ፊኛን ይቆጠቁጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ጭራሽ ውሃ እንዲቋጠር የሚያደርግ ሶዲየም (ጨው ውስጥ ያለው ማዕድን) ይዞ ይመጣል።

እውነት ሽንት ያበዛል?

ወሬው ከመሬት አልተነሣም። ቫይታሚን ሲ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ነው። ሰውነት የተወሰነውን ይይዛል እንጂ እንደ ቫይታሚን ኤ ወይም ዲ ለወራት የሚሆን ክምችት አያስቀምጥም። በቀን ከ30 እስከ 180 ሚሊግራም ስንወስድ አንጀታችን ከ70 እስከ 90 በመቶውን ይቀበላል። መጠኑ ከ1 ግራም ሲያልፍ የሚቀበለው ከግማሽ በታች ይወርዳል። ወደ ደም ከገባውም ቢሆን ኩላሊት የሚመልሰው እስከ አንድ ልክ ድረስ ነው። የተረፈው በሽንት ይወጣል።

እዚህ ላይ ነው «ሲወጣ ውሃ ይዞ ይወጣል» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው። በመርህ ደረጃ ልክ ነው። የስኳር ሕመምተኛ ስኳሩ ሲጨምር ሽንት የሚያጣድፈው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሽንት ውስጥ የገባው ስኳር ውሃ እየጎተተ ይወጣል። ጥያቄው ግን የመጠን ነው።

እንቁጠረው። 1 ግራም አስኮርቢክ አሲድ (የቫይታሚን ሲ ኬሚካላዊ ስሙ ነው) በቅንጣት ብዛት ሲለካ 5.7 ሚሊሞል ገደማ ነው። ኩላሊቶቻችን በአንድ ቀን የሚያስወጡት በውሃ የሟሟ ነገር ደግሞ፣ ጨውም ዩሪያም (ከፕሮቲን የሚቀረው ቆሻሻ) ሌላውም ተደምሮ፣ በአብዛኛው ከ600 እስከ 900 ሚሊኦስሞል ይደርሳል፤ ሚሊኦስሞል ውሃ የሚስቡ ቅንጣቶች የሚቆጠሩበት መለኪያ ነው፣ ለአስኮርቢክ አሲድ ከሚሊሞል ጋር እኩል ነው። ያ 1 ግራም ሙሉ በሙሉ በሽንት ቢወጣ እንኳ በዕለቱ ሸክም ላይ የሚጨምረው 1 በመቶ ገደማ ነው። አብሮት የሚወጣውን ሶዲየም ብንደምርበት 2 በመቶ አይሞላም። ግማሹ ደግሞ ከመነሻውም ወደ ደም አልገባም። በእንዲህ ያለ መጠን ያበጠ እግር አይጎድልም።

ታዲያ «ስወስደው ሽንቴ ይበዛል» የሚሉት ሰዎች ዋሽተዋል ማለት ነው? አይደለም። ብዙዎቹ ኪኒኑን የሚወስዱት በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ነው። ከ200 እስከ 250 ሚሊሊትር መሆኑ ነው። ጉንፋን የያዘው ሰው ደግሞ በላዩ ላይ ሻይና ሾርባ ይጨምራል። ሽንቱን ያበዛው ፈሳሹ ነው፤ ምስጋናውን የሚወስደው ግን ቫይታሚኑ ሆኖ ይቀራል።

በነገራችን ላይ፣ ሽንታችሁ ደማቅ ቢጫ ሆኖ ብታዩት «ቫይታሚን ሲዬ እየወጣ ነው» አትበሉ። ያንን ቀለም የሚሰጠው ቫይታሚን ቢ2 ነው፤ መልቲቫይታሚን ውስጥ ሁለቱ አብረው ስለሚገኙ ነው ሰው የሚያምታታው።

በአንድ ቀን ብዙ ግራም የሚወስድ ሰው ክብደቱ ቀንሶ ሊያገኘው ይችላል። እዚያ ላይ ሽንቱን ሳይሆን ሆዱን ጠይቁ። አንጀት ያልተቀበለው ቫይታሚን ሲ እዚያው ውሃ ይስብና ተቅማጥ ያመጣል። ሚዛኑ ላይ የጎደለው ውሃ በተቅማጥ የወጣው ነው። እግር ላይ የተቋጠረው በዚህ መንገድ አይፈታም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ቫይታሚን ሲ እብጠትን በእርግጥ ያድናል። እሱም ስከርቪ ነው። ቫይታሚን ሲ ለወራት ያጣ ሰው ድዱ ያብጣል፣ ይደማል፤ ቆዳው በቀላሉ ይበልዛል፤ እግሩም ሊያብጥ ይችላል። ጄምስ ሊንድ የተባለው የእንግሊዝ የባሕር ኃይል ሐኪም በ1747 (እ.ኤ.አ.) ብርቱካንና ሎሚ የበሉት መርከበኞች ከሌሎቹ ቀድመው ሲያገግሙ አይቷል። ለዚህ ሕመም የሚያስፈልገው መጠን ትንሽ ነው፤ በቀን 10 ሚሊግራም ያህል እንኳ ስከርቪን ይከላከላል። አትክልትና ፍራፍሬ በአፉ የማይዞር፣ መጠጥ የሚያበዛ ወይም በሕመም ምክንያት ለረጅም ጊዜ አንድ ዓይነት ምግብ ብቻ የሚበላ ሰው ድዱ እየደማ እግሩ ካበጠ፣ ይህን ማሰብ ተገቢ ነው። ለሌሎቻችን ግን ከጉድለት የተነሣ እብጠት ስለሌለብን፣ ጉድለት መሙላቱ እብጠት አያጠፋልንም።

ምግብ፣ ተራው ኪኒን ወይስ አረፋማው?

የመጀመሪያው ምርጫ ምግብ ነው። የአዋቂ ወንድ የቀን ፍላጎት 90፣ የሴት 75 ሚሊግራም ነው። እርጉዝ 85፣ የምታጠባ 120 ያስፈልጋታል። የሚያጨስ ሰው 35 ይጨምር። አንድ መካከለኛ ብርቱካን 70 ሚሊግራም ገደማ ይሰጣል፤ ጥሬ ቀይ ቃሪያ ደግሞ ከብርቱካንም ይበልጣል። ስለ እብጠት ለሚጨነቅ ሰው ምግብ ሌላም ጥቅም አለው። ፍራፍሬና አትክልት ፖታሲየም ይይዛሉ፣ ሶዲየማቸው ትንሽ ነው። (ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን ፖታሲየሙንም ስለሚጠነቀቅ በሐኪሙ ምክር ይመገብ።) ብዙ ውሃ ውስጥ ካፈላችሁት ቫይታሚኑ ይቀንሳል። ጥሬውን ወይም ለአፍታ በእንፋሎት የበሰለውን ምረጡ።

ተራው የአስኮርቢክ አሲድ ኪኒን ቀላሉና ርካሹ ነው። ሶዲየም የለበትም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ደም ግፊት ላለበት ወይም እግሩ ለሚያብጥ ሰው፣ የግድ ኪኒን ካስፈለገ፣ እኔ የምመርጠው እሱን ነው። ጉዳቱ ስሙ ላይ አለ፤ አሲድ ነው። ጨጓራ ያቃጥላል፣ የሚታኘከው ዓይነት ሲዘወተር የጥርስ ሽፋን ይበላል፣ የሽንት ፊኛቸው ቶሎ የሚቆጣ ሰዎችንም ያስቸግራል።

ሶዲየም አስኮርቤት አሲድነቱ የተገራ ነው፤ ለጨጓራ ይለዝባል። ግን ስሙን አስተውሉ። 1 ግራሙ 110 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም ይይዛል። አንድ ኪኒን ብዙ ላይመስል ይችላል። በቀን ሦስት አራት የሚውጥ ሰው ግን «ሽንት ያበዛልኛል» እያለ ውሃ የሚያስቋጥር ማዕድን እያጠራቀመ ነው።

ካልሲየም አስኮርቤትም እንዲሁ የተገራ ነው፣ ሶዲየሙ ግን የለበትም። በ1 ግራም ውስጥ ከ90 እስከ 110 ሚሊግራም ካልሲየም አለው። ጨጓራው ወይም ፊኛው አሲድ የማይችል፣ ሶዲየምም የሚጠነቀቅ ሰው ይህን ቢይዝ ይሻለዋል።

አሁን አረፋማው ላይ ልቆይ፤ ሰው ሁሉ የሚወደው እሱ ስለሆነ። ውሃ ውስጥ ጣል ሲደረግ እየተንጣጣ የሚሟሟው ማለቴ ነው። የሚንጣጣው ባብዛኛው ሶዲየም ባይካርቦኔት ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ነው። ያ ሶዲየም ደግሞ የትም አይሄድም፤ እንጠጣዋለን። በአንድ ኪኒን ከ200 ሚሊግራም በላይ ሶዲየም የያዙ አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ጠቅላላ የቀን ሶዲየም ከ2,000 ሚሊግራም በታች ነው፤ በጨው ሲሰላ 5 ግራም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል መሆኑ ነው። እንዲህ ያለውን ኪኒን በቀን ሁለቴ የሚጠጣ ሰው ምግብ ሳይቀምስ የቀኑን ድርሻ አንድ አምስተኛ ጨረሰ ማለት ነው። የሚገርመው፣ ከብርጭቆ ውሃ ጋር ስለሚጠጣ ሽንትን ወዲያው ያመጣል። ሰውየውም «ይኸው ሠራ!» ይላል። ልቡ ወይም ኩላሊቱ ለደከመ፣ ደም ግፊት ላለበት፣ እግሩ ለሚያብጥ ሰው ከሁሉም የማይመቸው ዓይነት ይህ ነው።

ማሸጊያውን ገልብጣችሁ አንብቡ። «ሶዲየም» ሳይሆን «ጨው» ተብሎ በግራም የተጻፈ ከሆነ ለ2.5 አካፍሉት፤ የሶዲየሙን መጠን ታገኛላችሁ። 1 ግራም ጨው 400 ሚሊግራም ሶዲየም ነው።

ቀስ ብሎ የሚለቀውና በስብ ቅንጣት ተሸፍኖ የሚመጣው ውድ ዓይነት በእብጠትም በሽንትም በኩል የተለየ ነገር አይሰጣችሁም። ገንዘባችሁን ያዙ።

መጠንን በተመለከተ፣ በቀን ከ200 እስከ 400 ሚሊግራም አካባቢ ሲደረስ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለው የቫይታሚን ሲ መጠን ከዚያ በላይ ብዙም አይጨምርም። በአሜሪካ ለአዋቂ የተቀመጠው የበላይ ጣሪያ ደግሞ 2,000 ሚሊግራም ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ለአብዛኛው ሰው ወደ ሽንት ቤት የሚላክ ትርፍ ነው።

ሽንት ቤት የሚያመላልሰው ማን ነው?

ሽንት መብዛትና ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት አንድ አይደሉም። ምርጫችሁን የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው።

ቀላሉ መንገድ መለካት ነው። መስፈሪያ ያለው ዕቃ ያዙና ለሁለት ሦስት ቀን የሸናችሁትን መጠንና ሰዓት ጻፉ። የጠጣችሁትንም እንዲሁ። የአዋቂ ሰው የቀን ሽንት በአብዛኛው ከ800 ሚሊሊትር እስከ 2 ሊትር ነው። ጠቅላላው ከ3 ሊትር በላይ ከሆነ በእርግጥ ሽንት በዝቷል። ብዙ ፈሳሽ እየጠጣችሁ ነው፣ ወይም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ይዛችኋል፣ ወይም ስኳር መመርመር አለበት። ቫይታሚን ሲ ላይ ብቻ አታሳብቡ።

ጠቅላላው ልክ ሆኖ በየሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ከሆነ ግን የተቆጣው ፊኛው ነው። እዚህ ላይ ቫይታሚን ሲ ሊጠረጠር ይገባዋል። የፊኛ ግድግዳ ሕመም ያለባቸው ሰዎች አሲድነት ያላቸው ምግቦችና የአስኮርቢክ አሲድ ኪኒን እንደሚያባብስባቸው በብዛት ይናገራሉ። በአሜሪካ ቦስተን ከተማ በሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ከፍተኛ መጠን ያለው ቫይታሚን ሲ በኪኒን የሚወስዱት ላይ ሽንትን መያዝ የመቸገር ምልክቶች በዝተው ታይተዋል። ከምግብ የሚገኘው ግን እንዲህ ዓይነት ዝምድና አላሳየም። ይህ ዝምድና እንጂ የመንስኤ ማረጋገጫ አይደለም፤ ቢሆንም ኪኒኑን ለጥቂት ቀን አቁሞ ማየት ምንም አያስከፍልም። የምትጠጡትን ፈሳሽ ግን አትቀይሩ። አለበለዚያ የትኛው እንደረዳችሁ አታውቁትም። ማቆሙ ከጠቀመ ወደ ምግብ፣ ካልሆነም ወደ ካልሲየም አስኮርቤት በትንሽ መጠን ዙሩ። ሽንት ሲወጣ የሚያቃጥል፣ ደም የቀላቀለ ወይም ትኩሳት ያለበት ከሆነ ግን ሙከራው ይቅርና ምርመራ ይቅደም።

ሌሊት ብቻ የሚነሣ ሰው ደግሞ ማታ እግሩን ይመልከት። ቀን እግር ላይ የተጠራቀመው ውሃ ስንተኛ ወደ ደም ተመልሶ በኩላሊት ይወጣል። ለዚህ ሰው መፍትሔው ከመተኛቱ በፊት፣ ከሰዓት በኋላ እግሩን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ነው።

ለእብጠቱስ ምን ይሻላል?

እብጠት በዓይን የሚታየው ከ2.5 እስከ 3 ሊትር ትርፍ ፈሳሽ ከተጠራቀመ በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ማታ ካልሲው ምልክት ትቶባችሁ ያያችሁት ነገር ዛሬ የተፈጠረ ላይሆን ይችላል። ከመድኃኒት በፊት ምክንያቱን ፈልጉ።

መጀመሪያ የምትወስዱትን መድኃኒት ቁጠሩ። ለደም ግፊት የሚታዘዘው አምሎዲፒን ቁርጭምጭሚትን ያሳብጣል። ይህ ጨውና ውሃ ስለተያዘ አይደለም፤ ትንንሾቹ የደም ቧንቧዎች ስለሚሰፉ ፈሳሹ ወደ ውጭ ስለሚሾልክ ነው። ስለዚህ ሽንት የሚያበዛ ነገር ብትጨምሩበት እምብዛም አይረዳም፤ ሐኪሙ መጠኑን ወይም መድኃኒቱን ሲቀይር ይሻላል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ በሌላ መንገድ ይሄዳሉ፤ ኩላሊት ሶዲየም እንዲይዝ ያደርጋሉ። ፕሬድኒሶሎንም እንዲሁ። በራሳችሁ አታቋርጡ እንጂ ጠይቁ።

ረጅም ሰዓት በመቀመጥ ወይም በመቆም የሚመጣውን እብጠት በእግር መንቀሳቀስ፣ እግርን ከልብ ከፍታ በላይ አድርጎ መተኛትና ጠበቅ ያለ የሕክምና ካልሲ ከየትኛውም ቫይታሚን በላይ ይረዱታል። ካልሲው ግን ወደ እግር የሚወርደው ደም ለተዳከመበት ሰው አይሆንም፤ አስቀድሞ ይታይ። ጨው መቀነስ ደግሞ ውሃ ተይዞ ለሚመጣ እብጠት ይረዳል፣ ቀስ ብሎ ቢሆንም።

ሽንት የሚያበዙት መድኃኒቶች በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ናቸው፤ እርስ በርሳቸውም አይመሳሰሉም። ፉሮሴማይድ በአፍ ሲወሰድ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፣ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይቆያል፤ ጠንካራ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ለዘብ ይላል፣ ይበልጥ ለደም ግፊት ይታዘዛል። ሁለቱም ፖታሲየም ያስወጣሉ። ስፓይሮኖላክቶን ቀናት ወስዶ ነው የሚሠራው፤ ፖታሲየምን ግን ያስቀራል። ጉበት በመታመሙ ለሚመጣ እብጠት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው እሱ ነው። የጎረቤትን ኪኒን ተውሶ መዋጥ አደገኛ የሚሆነውም በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው።

እነዚህን የሚወስድ ሰው «ላግዘው» ብሎ ብዙ ቫይታሚን ሲ መጨመር የለበትም። የሚያግዘው ነገር የለም፤ የሚያመጣው ግን አለ። ከቫይታሚን ሲ የተወሰነው ሰውነት ውስጥ ኦክሳሌት ወደሚባል፣ በሽንት ወደሚወጣ ነገር ይቀየራል። ኦክሳሌት ከካልሲየም ጋር ሲገናኝ በጣም የተለመደውን የኩላሊት ጠጠር ይሠራል። ፉሮሴማይድ ደግሞ ሽንት ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል። በ2013 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የስዊድን ጥናት፣ የቫይታሚን ሲ ኪኒን በሚወስዱ ወንዶች ላይ የኩላሊት ጠጠር ከማይወስዱት በእጥፍ ገደማ በዝቶ እንደታየ ዘግቧል። ጠጠር ወጥቶለት የሚያውቅ ሰው፣ የኩላሊት ድካም ያለበትና እጥበት ላይ ያለ ሰው ከፍተኛ መጠኑን ይተው። ሰውነታቸው ብረት የሚያከማችባቸውም እንዲሁ።

ቤት ውስጥ መሞከር የማይገባባቸው ሁኔታዎች አሉ። አንድ እግር ብቻ በድንገት ካበጠና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። እብጠት ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ አትጠብቁ። እርጉዝ ሆና ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ፊቷና እጇ ያበጠ፣ ራሷን የሚያማት ወይም ዓይኗ የሚደበዝዝባት ሴት በዚያው ቀን ትታይ። የልብ ድካም ያለበት ሰው ክብደቱ በሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ገደማ ከጨመረ ለሐኪሙ ይደውል፤ 1 ኪሎ ማለት 1 ሊትር ውሃ ነው።

ለምርመራ ስትሄዱ ቫይታሚን ሲ እንደምትወስዱ ለላቦራቶሪው ተናገሩ። ሽንት ውስጥ በብዛት ሲኖር፣ ቀለም እየቀየረ የሚያሳየው የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ስኳርንና ደምን እያሉ «የለም» ሊል ይችላል። ሽንቱ ለምን እንደበዛ ሊመረመር የሄደ ሰው ስኳሩ ተደብቆበት ይመለሳል ማለት ነው። በጣት ደም የሚለካው አንዳንድ የስኳር መሣሪያ ደግሞ፣ በተለይ ቫይታሚኑ በደም ሥር በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ፣ ስኳሩን ካለው በላይ አድርጎ ያሳያል። ኪኒኑን ስንት ቀን ቀድማችሁ እንደምታቆሙ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ።